ምክንያቱ የተጻፈ ውሳኔ፦ በወረታና በፎገራ ሜዳ የአካባቢ አስተዳደር ውሳኔዎች ሕጋዊነት ሲዳሰስ

በወረታ መሥሪያ ቤቶች ደጃፍ ተራውን የሚጠብቅ ገበሬ ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልሎ ይይዛል። ውስጡ የመሬት ይዞታ ደብተር፣ የግብር ደረሰኝ፣ የማመልከቻ ቅጂ፣ አንዳንዴም ከዓመታት በፊት የተጻፈ ደብዳቤ አለ። ፌስታሉ ክረምት ከዝናቡ፣ በጋ ከአቧራው ይጠብቀዋል። ማሳው የእሱ መሆኑን፣ ካሳው ስንት እንደሆነ፣ ስሙ ከእርዳታ ዝርዝር መግባቱን፣ ልጁ መሬት ማግኘት አለማግኘቱን የሚወስኑለት አዲስ አበባ ያሉ ሚኒስትሮች አይደሉም። የቀበሌ ኮሚቴ፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ኃላፊና የከተማ አስተዳደር ባለሙያ ናቸው። መንግሥትን የሚያውቀው በእነሱ ፊርማና ማኅተም ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚያነሳው ጥያቄ እነዚህ ውሳኔዎች በሕግ ሚዛን ሲቀመጡ ምን ያህል ይጸናሉ የሚል ነው። ውሳኔው ባለጉዳዩን ጠቀመው ወይስ ጎዳው የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ የሁለቱን ልዩነት ሕዝባችን ከሕግ ትምህርት ቤት በፊት አውቆታል። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ይላል። በቅሎ ትልቅ ሀብት ናት፤ ጭብጦ የአንድ ጊዜ ስንቅ። ሰው ትልቁን ንብረቱን ተሰምቶ፣ ተከራክሮ፣ ምክንያቱ ተነግሮት ቢያጣው ሐዘኑን ይችለዋል። ትንሿን ነገር ያለ ሥርዓት ሲነጠቅ ግን ቁጭቱ ለልጅ ይተርፋል። የአስተዳደር ሕግ ትምህርት ሥሩ እዚች ተረት ውስጥ አለ።

ውሳኔ ሕጋዊ ነው የሚባለው መቼ ነው?

የአንድ አስተዳደራዊ ውሳኔ ሕጋዊ ጥራት በስድስት ጥያቄ ይመዘናል። ወሳኙ ሥልጣን ነበረው ወይ? የወሰነው በየትኛው ሕግ፣ በየትኛው አንቀጽ ነው? የተመሠረተበት ፍሬ ነገር በምን ማስረጃ ተረጋገጠ? ውሳኔው የሚነካው ሰው አስቀድሞ ተሰማ ወይ? ከወሳኞቹ መካከል በጉዳዩ ጥቅም ወይም ቂም ያለው ሰው አልነበረም ወይ? በመጨረሻም፣ ምክንያቱ ተጽፎ፣ ይግባኝ የሚባልበት ቦታና ቀን ተገልጾ ለባለጉዳዩ ደረሰው ወይ?

ስድስቱ ጥያቄዎች እኩል ክብደት ያላቸው ይመስላሉ፤ በተግባር ግን አምስቱን የሚሸከመው የመጨረሻው ነው። ምክንያት ካልተጻፈ ሥልጣኑን መመርመር አይቻልም፤ አንቀጹም አይታወቅም፤ ማስረጃው ይኑር አይኑር፣ ባለጉዳዩ ይሰማ አይሰማ የሚታይበት መስኮት ይዘጋል። «ጥያቄዎ ተቀባይነት ያላገኘ መሆኑን እንገልጻለን» የሚል አንድ መስመር ደብዳቤ ትክክለኛ ውሳኔ ይዞ ሊሆን ይችላል። ትክክለኛ መሆኑን ግን ባለጉዳዩም፣ ዳኛውም፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያው ወንበር የሚቀመጠው አዲስ ኃላፊም ሊያውቁት አይችሉም።

መሬት የሚንቀሳቀስበት ሜዳ

ፎገራ ለዚህ ጥያቄ ከብዙ ቦታ ይልቅ ጥብቅ መፈተኛ ነው። ከጉና ተራራ የሚነሱት የርብና የጉማራ ወንዞች ሜዳውን አቋርጠው ጣና ይገባሉ፤ በክረምት ከዳርቻቸው ወጥተው ደለል ያለብሱታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ላይ የደረሰው ጎርፍ በፎገራና በሊቦ ከምከም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከቤታቸው አስወጥቷል። እንዲህ ያለ ውሃ ሰብል ብቻ አያጠፋም፤ ድንበርም ያጠፋል። ትናንት በሁለት ጎረቤታሞች መካከል የነበረው ወሰን ዛሬ በደለል ተቀብሯል፤ ወንዙ ጥቂት ሜትር ከተንቀሳቀሰ የአንዱ ማሳ ቀንሶ የሌላው ይሰፋል። «ማን ምን ያህል ነበረው?» የሚለው ጥያቄ ውሃው በሸሸ ማግስት ቀበሌው በር ላይ ይቆማል።

ሁለተኛው ነገር ሩዝ ነው። በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ድጋፍ በጅግናና በሻጋ የኅብረት ሥራ ማኅበራት የተሞከረው ሩዝ ዛሬ የሜዳው ዋና ሰብል ሆኗል፤ የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የተቋቋመው እዚሁ ነው። ድሮ ውሃ ስለሚተኛበት ለግጦሽ ብቻ የሚሆን የነበረው ረግረግ በሩዝ ምክንያት ከምርጥ የእርሻ መሬት ተቆጠረ። ሩዙ ሲታጨድ በቀረው እርጥበት ጓያ ወይም ሽንብራ ይዘራል፤ ፓምፕ ያለው ሽንኩርት ያለማል። በዚህ መካከል የወል ግጦሽ እየጠበበ ሄደ፤ በወተቱና በግዙፍነቱ የታወቀው የፎገራ ከብትም መሰማሪያው አነሰ። አንድን የወል መሬት ለግለሰብ እርሻ መስጠት፣ ወይም ደፍሮ ያረሰውን ሰው ማስወጣት፣ ሁለቱም አስተዳደራዊ ውሳኔዎች ናቸው። ሁለቱም ሥልጣን፣ ማስረጃና ምክንያት ይጠይቃሉ።

ሦስተኛው የከተማና የመሠረተ ልማት ግፊት ነው። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ወደ ደብረ ታቦርና ወልዲያ ከሚገነጠለው ጋር የሚገናኝባት ከተማ ናት። ደረቅ ወደብ ተሠርቶባታል፤ መጋዘኑ፣ የሩዝ መፈልፈያው፣ የመኖሪያ መንደሩ ወደ ማሳዎቹ እየገሰገሰ ነው። 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ የታቀደው የርብ ግድብም ውሃውን ወደ ሜዳው ለማድረስ ቦይ ይፈልጋል፤ ቦይ ደግሞ በሰው ማሳ ውስጥ ያልፋል። እያንዳንዱ ሜትር ቦይ የአንድ ሰው ይዞታ፣ የአንድ ሰው ካሳ፣ የአንድ ሰው ቅሬታ ነው።

እንግዲህ በዚህ ሜዳ ድንበሩ በውሃ፣ ዋጋው በሩዝ፣ አገልግሎቱ በከተማ ይለዋወጣል። መሬቱ ሳይረጋ የሚረጋ ነገር ያስፈልጋል፤ ያም የተመዘገበ ውሳኔ ነው።

ከጭቃ ሹም እስከ ቀበሌ

ሕዝቡ ለሥርዓት እንግዳ አይደለም። «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው እጁን ይሰበስብ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። በርስት ሙግት የበጌምድር ሰው የዘር ሐረጉን እስከ አቅኚ አባቱ ቆጥሮ፣ ምስክር አሰልፎ ይከራከር ነበር። በሹም ላይ የሚቀርብ ቅሬታ ግን ሌላ መንገድ ነበረው፤ ከጭቃ ሹሙ ወደ ምስለኔው፣ ከምስለኔው ወደ ጠቅላይ ገዢው፣ ዕድል ካለም ወደ ዙፋን ችሎት ይወጣል። መፍትሔ ሲገኝ ከበላይ የተሰጠ ምሕረት ሆኖ ይገኛል እንጂ ከታች ያለው መዝገብ ተገልጦ ስሕተቱ የታየበት ፍርድ ሆኖ አይደለም።

«አቤቱታ» የሚለው ቃላችን ራሱ «አቤት» ከሚለው ጩኸት የወጣ ነው። ይህ ባህል ጠንካራ ጎን አለው፤ ተስፋ አያስቆርጥም። ጉድለቱ ደግሞ እስከ ዛሬ አብሮን አለ። ባለጉዳይ ቅር ሲለው የሚፈልገው የውሳኔውን ስሕተት ሳይሆን ከወሳኙ በላይ ያለውን ሰው ነው። በታችኛው ደብዳቤ ላይ የሚሟገቱበት ምክንያት ካልተጻፈ ከዚህ ሌላ ምን አማራጭ አለው?

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31/1967 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ፣ የመደልደሉን ሥራ የሰጠው ለገበሬ ማኅበራት ነው። በአንድ ጊዜ መሬት አዳይም፣ ተቆጣጣሪም፣ በፍርድ ሸንጎው በኩል ዳኛም ሆኑ። ጭሰኛውን ነጻ ያወጣው ያው አዋጅ አስተዳደርንና ዳኝነትን በአንድ ጣሪያ ሥር አኖረ። የቀበሌ ሰው «የወሰነውም፣ ይግባኝ የሚሰማውም ያው ሰው ነው» ሲል የሚያሰማው ምሬት ሥሩ እዚህ ድረስ ይወርዳል።

ሌላው ትልቅ ምዕራፍ በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተካሄደው የመሬት ሽግሽግ ነው። አዋጅ ቁጥር 16/1989ን ተከትሎ በበርካታ ወረዳዎች መሬት እንደገና ሲደለደል፣ በደርግ ጊዜ በቀበሌ አመራር ያገለገሉት «ቢሮክራት»፣ ሌሎች ደግሞ «ቅሪተ ፊውዳል» ተብለው ከጎረቤቶቻቸው ያነሰ ይዞታ እንዲቀርላቸው ተደረገ። መሬት ለሌላቸው ወጣቶችና ሴቶች መሬት መስጠት ፍትሐዊ ዓላማ ነበር። ከሕግ አንጻር የሚያሳዝነው አንድ ሰው «ቢሮክራት ነህ» ተብሎ ሲፈረጅ ፍረጃውን የሚያስተባብልበት መድረክ እጅግ ጠባብ መሆኑ ነው። ስም ወጣ፣ ገመድ ተጣለ፣ አለቀ። በገጠሩ የእድሜ ባለጠጎች ዘንድ የዚያ ዓመት ቁጭት ገና ያልበረደው ሁሉም መሬት ስላጡ ብቻ አይደለም፤ ብዙዎቹ ሳይሰሙ ስላጡ ነው።

ከ1995 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ክልሉ የይዞታ ደብተር መስጠት መጀመሩ ከዚያ ወዲህ የታየ ታላቅ እርምጃ ነው። በደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ ጎን ለጎን መቀመጡ በተለይ ለሴቶች መብት የተጻፈ ምስክር ሆነ። በኋላም ልኬታው ከገመድ ወደ ሳተላይት ምስልና ካርታ ተሸጋገረ። ይሁንና ደብተር የውሳኔ ውጤት ነው፤ የውሳኔው ሂደት ከታመመ ደብተሩ በሽታውን ይወርሳል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1195 እና 1196 ይህን አስቀድሞ አይቶታል። በባለሥልጣን የተሰጠ የባለሀብትነት ማስረጃ እውነት ነው ተብሎ ይገመታል፤ ሥልጣን በሌለው አካል ወይም ሥርዓቱን ሳይከተል የተሰጠ መሆኑ ከተረጋገጠ ግን ግምቱ ይፈርሳል። የወረቀት ጥንካሬ የሚለካው ከኋላው ባለው ሥርዓት ነው ማለት ነው።

ሕጉ ዛሬ የት ይገኛል?

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ግልጽ እንዲሆንና ባለሥልጣን ተጠያቂ እንዲሆን ይደነግጋል። በአንቀጽ 37 ማንም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት ወይም የዳኝነት ሥልጣን ላለው ሌላ አካል የማቅረብ መብት አለው። አንቀጽ 40 ገበሬውን ከመፈናቀል ይጠብቃል፤ አንቀጽ 50 ደግሞ ለታችኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። አማራ ክልል በ1994 ዓ.ም. ባሻሻለው ሕገ መንግሥቱ ወረዳንና ቀበሌን ከነምክር ቤታቸው አቋቁሟል፤ በዚያው ጊዜ የተጀመረው የወረዳ ያልተማከለ አስተዳደርም በጀቱንና ሠራተኛውን ወደ ታች አውርዷል። ሥልጣን ወርዷል። ሥልጣኑን የሚገራው የአሠራር ሕግ በእኩል ፍጥነት አልወረደም።

አገሪቱ ለብዙ ዓመታት ስትጠብቀው የነበረው የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት ሕግ በ2012 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ሆኖ ወጣ። መሥሪያ ቤት መመሪያ ሲያወጣ ሕዝብ አስተያየት እንዲሰጥበት፣ መመሪያው ተመዝግቦ ለሕዝብ ይፋ እንዲሆን፣ ባለጉዳይ እንዲሰማ፣ ውሳኔ በጽሑፍና በምክንያት እንዲሰጥ፣ ቅር የተሰኘውም በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ውሳኔውን እንዲያስከልስ ያደርጋል። በኢትዮጵያ የሕግ ታሪክ ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን አዋጁ የሚገዛቸው የፌዴራል አስፈጻሚ ተቋማትን፣ የአዲስ አበባንና የድሬዳዋን ከተማ አስተዳደሮች ነው። የፎገራ ወረዳ መሬት ጽሕፈት ቤት የሚሰጠው ውሳኔ በእሱ አይገዛም። እንደ አገር ሲታይ ከሁሉ ይልቅ ተደጋጋሚ የሆነውና ድሃውን የሚነካው ውሳኔ ያለው ግን ወረዳና ቀበሌ ውስጥ ነው።

ፎገራ ላይ ውሳኔን የሚገሩት እንግዲህ የየዘርፉ ሕጎች ናቸው። የገጠር መሬት በፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 456/1997፣ ዘግይቶም እሱን በተካው አዋጅ ቁጥር 1324/2016፤ በክልሉ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 133/1998 እና ከእሱ በኋላ በመጣው አዋጅ ቁጥር 252/2009 ይመራል። የከተማ ቦታ በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ሥር ነው። ከእነዚህ ሁሉ በሥርዓት ጥራቱ ጎልቶ የሚታየው ለሕዝብ ጥቅም ሲባል መሬት ስለሚለቀቅበት ሁኔታ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው፤ በኋላ ማሻሻያ ቢደረግበትም መሠረቱ ትምህርት ሰጪ ነው። የማስለቀቅ ትእዛዝ የደረሰው ሰው በ30 ቀናት ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚ አካል፣ ከዚያም ለይግባኝ ሰሚ ጉባኤ፣ በመጨረሻም ለፍርድ ቤት የሚያቀርብበትን መሰላል ዘርግቷል። ቀድሞ የነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997 ክርክሩን በዋናነት በካሳው መጠን ላይ ወስኖት ነበር።

የካሳው ስሌት ራሱ የማስረጃ ጥራት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ያሳያል። የቀድሞው አዋጅ የአምስት ዓመት አማካይ ገቢን በ10 ያበዛ ነበር፤ የ2011ዱ ከሦስት ዓመት ውስጥ ከፍተኛውን ዓመታዊ ገቢ በ15 ያበዛል። በፎገራ አንድ ማሳ ሩዝ፣ ከሩዝ በኋላ ጓያ፣ ውሃ ካገኘ ሽንኩርት ይሰጣል። ገማቹ ኮሚቴ ሩዙን ብቻ ጽፎ ሽንኩርቱን ቢተወው፣ ያቺ አንዲት የቀረች መስመር በ15 ትባዛለች። ስለዚህ «ምን ምን ሰብል ተቆጠረ? በየትኛው ገበያ ዋጋ? በስንት ጊዜ ምርት?» የሚለው በገጹ ላይ መጻፉ ለአንድ ቤተሰብ የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ ነው።

ውሳኔው የሚላላባቸው ቦታዎች

የመጀመሪያው ሥልጣን ነው። ቀበሌ ይወስናል፣ ወረዳ ያጸድቃል፣ ከተማው ሲሰፋ ደግሞ ቦታው ወደ ከተማ አስተዳደሩ ይዞራል። በሽግግሩ መሐል ማን እንደሚወስን ግራ ይገባል። አንዱ የሰጠውን ሌላው ያግዳል፤ ባለጉዳዩ በሁለት ማኅተም መካከል ይቆማል።

ሁለተኛው የማይታይ መመሪያ ነው። ባለሙያው «መመሪያው አይፈቅድም» ይላል። መመሪያው የትኛው ነው? ቁጥሩ ስንት ነው? ብዙ ጊዜ በመሳቢያ ያለ ሰነድ፣ አንዳንዴ ከበላይ የመጣ ሰርኩላር፣ አንዳንዴም በስብሰባ የተሰጠ «አቅጣጫ» ነው። ሰው ሊያነበው በማይችለው ሕግ ሊገዛ አይገባም። የፌዴራሉ አዋጅ ያልተመዘገበና ይፋ ያልሆነ መመሪያ ተፈጻሚ እንዳይሆን ማድረጉ ለዚህ በሽታ የታዘዘ መድኃኒት ነው።

ሦስተኛው የኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ነው። የቀበሌ የመሬት ኮሚቴ አባላት ጎረቤት፣ ዘመድ፣ አበልጅ፣ የማኅበር ጓደኛ ናቸው። አካባቢውን ማወቃቸው ከማንም የከተማ ባለሙያ ይበልጣል፤ ይህ በጎ ነው። ግን በአጎቱ ልጅ ጉዳይ ላይ የተቀመጠ ሰው ተነሥቶ መውጣት አለበት፤ መውጣቱም መጻፍ አለበት። «በሙሉ ድምፅ ተወሰነ» የሚል ቃለ ጉባኤ ማን እንደተገኘ፣ ማን እንደተነሣ፣ ምን ምስክር እንደተሰማ ካልነገረን ከስምምነት በቀር ምንም አያስረዳም።

አራተኛው አለመሰማት ነው። ለተከታታይ ዓመታት መሬቱን ጦም አሳድሯል ወይም አካባቢውን ለቅቆ ጠፍቷል የተባለ ሰው ይዞታውን ሊያጣ ይችላል። ይህን ከመወሰን በፊት ታምሞ ሆስፒታል እንደነበረ፣ ጎርፍ ማሳውን እንደደፈነው ወይም ለቀን ሥራ ሄዶ እንደተመለሰ የሚያስረዳበት ቀን ሊሰጠው ይገባል። ማስታወቂያ ቀበሌው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ እሱ ደግሞ መተማ ሰሊጥ አጨዳ ላይ ከሆነ፣ ተጠርቷል ማለት ይከብዳል። ባሏ የሞተባት ሴት፣ ወላጅ አልባ ልጅ፣ አቅመ ደካማ ሽማግሌ እዚህ ላይ ከሁሉ በላይ ይጎዳሉ፤ እነሱን ወክሎ የሚከራከር ሰው አይገኝምና።

አምስተኛው ውሳኔ ያለመስጠት ነው። «ነገ ና»፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው»፣ «ኮሚቴው ሲሰበሰብ እንነግርሃለን»። ይግባኝ ለማለት ውሳኔ ያስፈልጋል፤ ውሳኔ የለም፣ እንቢታም አልተጻፈም። ከክፉ ውሳኔ ይልቅ የማይሰጥ ውሳኔ የከፋ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ክፉው ቢያንስ ይግባኝ ይባልበታል።

ስድስተኛው ቁጥር ያለ ማብራሪያ ነው። በ2009 ዓ.ም. ክረምት የደረጃ «ሐ» ግብር ከፋዮች የቀን ገቢ ግምት በተነገረ ጊዜ በበርካታ የአገሪቱ ከተሞች ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ ተቆጥቷል። ቁጣው በግብር መክፈል ላይ ብቻ አልነበረም። ሻይ የምትሸጥ ሴት ዕለታዊ ገቢዋ ይህን ያህል ነው ተብሎ ሲነገራት «ከምን ተነሥታችሁ ነው?» ላለችው የሚያረካ መልስ አላገኘችም። ግምት ሥሌቱ ከጎኑ ከተጻፈ ክርክር ይወልዳል፤ ካልተጻፈ ቂም ይወልዳል።

እነዚህን ጉድለቶች ስንዘረዝር ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሰው መርሳት አይገባም። የወረዳ ባለሙያ ብዙ ቀበሌዎችን በእግሩ ይዞራል፤ የሕግ አማካሪ በአጠገቡ የለውም፤ ከበላይ የሚመጣበት ዕቅድ የሚለካው በቁጥር ነው፤ በግምገማ የሚጠየቀው «ስንት ፋይል ዘጋህ?» ተብሎ ነው እንጂ «ስንቱ በይግባኝ ጸና?» ተብሎ አይደለም። ልምድ ሲያካብት ይዛወራል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ክልሉን የያዘው ግጭት ደግሞ የብዙ ቀበሌና ወረዳ መሥሪያ ቤቶችን ሥራ አስተጓጉሏል፤ በዚህ ሁኔታ የሚሠራ ሠራተኛ ሸክሙ ከባድ ነው። ምክንያት መጻፍ እሱንም ይጠብቀዋል፤ ነገ ለሚመጣ ክስና ሐሜት መልሱ በእጁ ነው።

የተበደለ ወዴት ይሄዳል?

በሮች አሉ። የመጀመሪያው ሽምግልና ነው፤ በጎረቤታሞች የድንበር ክርክር ከእሱ የተሻለ የለም፤ የመሬት ሕጎቹም ዕውቅና ሰጥተውታል። ነገር ግን ሽማግሌ ሰውን ከሰው ያስታርቃል እንጂ መሥሪያ ቤትን ስለ ሥልጣኑ አይጠይቅም።

ሁለተኛው በየወረዳው ያለው የቅሬታ ሰሚ ክፍል ነው። ቅርብ ነው፣ ገንዘብ አያስወጣም። ድክመቱ ከሚመረምረው አስተዳደር ጋር በአንድ ግቢ፣ በአንድ አለቃ ሥር መሆኑ ነው። ሦስተኛው በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመው፣ በአዋጅ ቁጥር 1142/2011 የተሻሻለው የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ነው። ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው፤ ይመረምራል፣ የመፍትሔ ሐሳብ ይሰጣል። የእንባ ጠባቂ ቃል ኃይሉ ከሕዝብ ዓይንና ከምክር ቤት ድጋፍ የሚመነጭ ነው እንጂ እንደ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አይደለም።

አራተኛው ፍርድ ቤት ነው፤ ከወረታ የወረዳ ፍርድ ቤት ደብረ ታቦር እስካለው የደቡብ ጎንደር ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ከዚያም ባሕር ዳር እስካለው የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት። እዚህ ሁለት ችግር ይገጥማል። አንደኛው «ጉዳዩ በፍርድ ቤት ሊታይ የሚችል ነው ወይ?» የሚለው መቃወሚያ ነው። አስተዳደሩ የመጨረሻ ወሳኝ ነኝ ሲል፣ ዳኛው የአንቀጽ 37ን በር ጠባብ አድርጎ ካነበበ መዝገቡ ገና በደጃፍ ይዘጋል። ሌላው ክርክሩ የሚገኝበት መልክ ነው። ዳኛ የወረዳውን ውሳኔ ለመመርመር ምክንያቱን ማየት አለበት፤ ምክንያት ከሌለ ወይ ከመጀመሪያው ራሱ ምስክር ሰምቶ በአስተዳደሩ ቦታ ይወስናል፣ ወይ ማኅተሙን አምኖ ያጸናዋል። ሁለቱም ደግ አይደሉም። ሻል ያለው ውሳኔውን ሽሮ «ባለጉዳዩን ሰምታችሁ፣ ምክንያቱን ጽፋችሁ እንደገና ወስኑ» ብሎ መመለስ ነው። እንዲህ ያለ ፍርድ አንዱን ሰው ይረዳል፤ መሥሪያ ቤቱን ደግሞ ያስተምራል።

በበጎ የሚጠቀስም አለ። በአጎራባቾቹ እብናትና ሊቦ ከምከም የሚሠራበት የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የተጠቃሚዎች ዝርዝር በሕዝብ ፊት እንዲገለጥ፣ ቅሬታም በቀበሌ ይግባኝ ሰሚ ኮሚቴ እንዲታይ በአሠራሩ ደንግጓል። አፈጻጸሙ ከቦታ ቦታ ቢለያይም ትምህርቱ ግልጽ ነው። የገጠር ቀበሌ የስም ዝርዝር መለጠፍ፣ ቅሬታ መመዝገብና እንደገና ማየት ይችላል።

ከአህጉራችን የሚገኝ ትምህርት

ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት ሕጋዊ፣ ምክንያታዊና ሥርዓቱን የጠበቀ አስተዳደራዊ ውሳኔን መብት አደረገች፤ መብቱ የተነካበት ሰውም የጽሑፍ ምክንያት የማግኘት መብት አለው። እ.ኤ.አ. በ2000 ዝርዝር ሕግ አወጣችለት። ኬንያም በ2010 (እ.ኤ.አ.) ሕገ መንግሥቷ አንቀጽ 47 ያንኑ መንገድ ተከትላ እ.ኤ.አ. በ2015 አዋጅ አወጣች። ሁለቱም ሕጎች ከማዕከላዊ ሚኒስቴር እስከ ታችኛው የአካባቢ አስተዳደር ይደርሳሉ። ለእኛ የሚጠቅመው ነጥብ ይኸው ነው። የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት ሕግ ዜጋ መንግሥትን በብዛት ከሚያገኝበት ቦታ ከቀረ፣ ግማሽ ሥራ ነው። ክልሎች የፌዴራሉን አዋጅ መንፈስ በራሳቸው ሕግ እስከ ቀበሌ ማድረስ ይገባቸዋል።

በአንድ ገጽ የሚጀመር ሥራ

«ይህ ሁሉ ለሀብታም አገር ነው፤ ድሃ ወረዳ ፎርማሊቲ ሲያበዛ ሥራ ይቆማል» የሚል ክርክር ይነሣል። ክርክሩ ክብደት አለው፤ ባለጉዳይን በወረቀት ማሰልቸት ራሱ በደል ነው። ነገር ግን ምክንያት ያልተጻፈበት ውሳኔ ጊዜ አይቆጥብም። አንዱ ጉዳይ በቅሬታ ሰሚ፣ በዞን፣ በክልል፣ በፍርድ ቤት ሲመላለስ የሚጠፋው ቀን አንድ ገጽ ከመጻፍ ጋር አይወዳደርም።

ስለዚህ መነሻው ቀላል ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ የወረዳና የከተማ ጽሕፈት ቤት ለመሬት፣ ለካሳ፣ ለግምትና ለእርዳታ ውሳኔ አንድ ገጽ ቅጽ ያዘጋጅ። ባለጉዳዩ ምን ጠየቀ? ማን ተሰማ? የታየው ማስረጃ ምንድን ነው? የተጠቀሰው አንቀጽ የትኛው ነው? ምክንያቱ ምንድን ነው? ማን ወሰነ፣ ማንስ በዝምድና ተነሣ? ማንበብ ለማይችል ሰው በምስክር ፊት ይነበብለት። የሥራ ላይ መመሪያዎች ሁሉ ማንም ገልጦ ሊያያቸው በሚችልበት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ። ለጎርፍ ቀበሌዎች ከክረምት በፊት የድንበር ነጥቦች በካርታ ይመዝገቡ፤ ውሃው ሲሸሽ ክርክሩ ከትዝታ ሳይሆን ከመዝገብ ይነሣል። የወረዳው ምክር ቤት በዓመት አንድ ጊዜ በይግባኝ የተሻሩ ውሳኔዎችን አስቀርቦ ለምን እንደተሻሩ ይጠይቅ። የባለሙያው ምዘናም በጸኑ ውሳኔዎች ይሁን።

ከእነዚህ ሁሉ ግን አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል የቅጹን የመጨረሻ መስመር እመርጣለሁ። ገበሬው በፌስታል ጠቅልሎ ወደ ቤቱ በሚወስደው ወረቀት ግርጌ፣ ከማኅተሙ በላይ፣ በጉልህ እንዲህ ተብሎ ይጻፍ፦ «በዚህ ውሳኔ ቅር ከተሰኙ፣ ይህ ወረቀት ከደረሰዎት ቀን ጀምሮ በዚህን ያህል ቀን ውስጥ፣ በዚህ ቦታ፣ ለዚህ አካል ማመልከት ይችላሉ።» ይህን የጻፈ ሹም የሚመረመር ውሳኔ እየሰጠ መሆኑን ስለሚያውቅ ከላይ ያለውን ምክንያት ተጠንቅቆ ይጽፈዋል። የተቀበለውም ሰው በቅሎውን ቢያጣ እንኳ፣ በፍርድ እንደሄደች ያውቃል።